ማንም ያልጠየቀው ቁስል

ከባለቤቴ ጋር ሐኪም ቤት ስሄድ ወረፋ ጠብቄ አላውቅም። ይህን የሰማ ሰው ይቀናብኛል፤ እኔን ግን ያናድደኛል። ባለቤቴ ከጦርነቱ የተመለሰው የግራ እግሩን እያነከሰ ነው። የወታደር ጃኬቱ ደግሞ፣ ቦንጋ ዝናብ ስለማይጠፋ፣ ከላዩ አይወርድም። ገና በበሩ ብቅ ሲል አግዳሚው ላይ የተደረደረው ሰው ብድግ ይላል። «አስር አለቃ፣ እዚህ ይቀመጡ» ይላል አንዱ። «ኧረ አስገቧቸው፣ የአገር ባለውለታ ናቸው» ትላለች ሌላዋ። ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት ቤት፣ የትም ብንሄድ እንዲሁ ነው። ቀድመን እንገባለን፣ ቀድመን እንወጣለን፤ እሱን ግን የሚጠይቀው የለም።

የመጣንበት ጉዳይ ልጅ ነው። ከተመለሰ ጀምሮ ስንሞክር ዓመታት አለፉ።

ባለቤቴ የተመታው እግሩን ብቻ አልነበረም። ፍንጣሪው ታፋውን ሰንጥቆ እስከ ብልቱ ዘልቋል። ይህን የምናውቀው ያኔ ቀዶ ጥገና ያደረጉለት ሰዎች፣ እሱና እኔ ብቻ ነን። ለዘመድም ለጎረቤትም «ታፋውን ነው» ተብሎ ተነገረ፣ በዚያው ቀረ። የእግር ቁስል ይታያል፣ ይወራል፤ ያኛው አይወራም። ሰው ወዲያው የሚያስበውን ስለማውቅ ልናገረው፤ በመኝታችን ችግር የለብንም። የቀረው ልጁ ነው።

እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ቢሮ ወንበሬ ላይ አልረጋም፤ ባልደረቦቼ «አንቺን ኮረንቲ ይዞሻል» እያሉ ይስቁብኛል። አንዱን ምርመራ ሳልጨርስ ሌላውን አስባለሁ። ቦንጋ በአልትራሳውንድ ታየሁ፤ ጤነኛ ነሽ አሉኝ። ደም ሰጠሁ፤ ጤነኛ። ጅማ ሄጄ የማህፀኔን ቱቦ በራጅ አነሱኝ። ሕመሙን የተነሳች ታውቀዋለች። እሱም ጤነኛ ሆነ። ሐኪሞቹ እኔን አስተኝተው ከመረመሩ በኋላ ወደ ባለቤቴ ዞረው የሚጠይቁት ስለ ጦር ሜዳ ነው። «የት ግንባር ነበሩ፣ ጋሼ?» ይሉታል፤ እሱም ያወራላቸዋል። አንድ ጊዜ አንዱ ሐኪም «እርስዎስ…» ብሎ ጀመረ። ስለ ዘሩ ሊጠይቀው እንደነበር እምላለሁ። ከዚያ ጃኬቱን አየና «በርቱ እንግዲህ» ብሎ ሸኘን።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የሚኖሩት ሺሺንዳ ነው። ማርና ቅቤ ይዘው በሚኒባስ ይመጡና ከሰላምታ በፊት ሆዴን ያዩታል። ጸበል ላኩኝ፣ ሄድኩ። ደካ በሚባል ገጠር ሆድ የምታሽ ሴት አለች አሉ፤ በዚያ ጭቃ መንገድ አብረን ተንገጫግጨን ሄድን። ሴትየዋ ካፊኛ እንጂ አማርኛ እምብዛም አይሆንላትም። ሆዴን በቅቤ እያሸች «ባል?» ብላ ጠየቀች። አማቴ «ባሏማ ወታደር ነው፣ ለአገሩ የቆሰለ» አሏት። ሴትየዋ ከበርጩማዋ ተነሳች፣ ቅቤውን ከእጇ ጠረገች፣ ቆማ በካፊኛ መረቀችው። በሌለበት እንኳን ይነሱለታል! እኔ በጀርባዬ ተጋድሜ ጣራውን አያለሁ፤ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡብኝ።

ስንመለስ አማቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ከጋብቻ በፊት ያደረግሽው ነገር ካለ ለእኔ ንገሪኝ፤ እኔ እናትሽ ነኝ።»

የልጃቸውን ቁስል አልነገርኳቸውም። ምስጢሩ የእኔ አልነበረም። እሳቸው ሚኒባሳቸው ላይ ከተሳፈሩ በኋላ፣ ቤት ስገባ ግን አልቻልኩም። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዝናቡን ያያል።

«እናትህ ጽንስ አስወርዳ የመጣች ሴት አድርጋ ነው የምታየኝ። ለምን አትመረመርም?» አልኩት።

ዓይኑን ከዝናቡ ሳያነሳ መለሰልኝ። «እስካልተመረመርኩ ድረስ አባት ልሆን እችላለሁ።»

ሌላ ሴት ብትሆን በዚህ ቃል ታለቅስ ነበር። እኔ ጮህኩ። «እኔስ? እኔ እናት መሆን የምችለው እስከ መቼ ነው? ሠላሳ ስምንት ዓመቴ እኮ ነው!»

«ሰው እያዘነልኝ ሲያየኝ መኖር አልችልም» ብሎ ተነስቶ ወጣ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ እግሩ።

በማግስቱ ከሥራ ሹልክ ብዬ የጦር ጉዳተኞችን ጉዳይ የሚከታተሉ ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ትሑት ሰው ናቸው። «ባለቤትሽ ለቁስሉ ከሆነ ሪፈር ይጻፍለትና አዲስ አበባ ይታከማል» አሉኝ። «ልጅ አልወለድንም ካላችሁ ግን እሱ የግል ነው፤ በራሳችሁ ነው የምትታከሙት።»

«ልጅ ያልወለድነው በቁስሉ ምክንያት ከሆነስ?»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላቸው እንደማያውቅ ከፊታቸው አነበብኩ። «እንግዲያ እሱ ራሱ ለሐኪም ያሳይ። ሐኪሙ ከቁስሉ ነው ብሎ ከጻፈ ማን ይከለክለዋል? አንቺ ብትናገሪለት ግን አይሆንም።»

ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ተንጠለጠለ። እሱ አፉን ከከፈተ አዲስ አበባ አለ፤ ካልከፈተ የለም። ነገርኩት። «እሺ» አለኝ፤ የእሱ «እሺ» ግን አይሆንም ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ክረምቱ ገባ። እኔ ቤት ውስጥ እንደ ተቆለፈባት ፍየል ስዟዟር ከረምኩ። ዕቃ አጥቤ ያጠብኩትን እንደገና አጥባለሁ፤ ባጃጅ ተሳፍሬ መንገድ ላይ እወርድና በእግሬ ዳገቱን እወጣለሁ። የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ከማንም ጋር አልነጋገርም ነበር።

አንድ እሑድ አማቴ መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ ለልጃቸው የሚሉትን ሰማሁ። «ክፉ አይደለችም፣ አትፍታት። ሌላ ሴት ትውለድልህና እሷ ታሳድግ።» ወጥቼ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስወጣ ግን ባለቤቴ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አየሁትና ተመልሼ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ጫማውን ወልውሎ አገኘሁት። «ተነሺ፣ እንሂድ» አለኝ።

የሴቶች ክፍል ኮሪደር እርጉዞች ሞልተውበታል። እንደ ልማዳቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ። መውለጃዋ የደረሰ የምትመስል አንዲት ልጅ እግር ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለችው።

«ተቀመጪ፣ ልጄ።»

«ኧረ አይገባም፣ እርስዎ ቆስለው…»

«ቁስሌን አታውቂውም» አለ። ድምፁ ሰልፍ ሜዳ ላይ ያለ ይመስል ነበርና ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። «የተመታሁት መውለጃዬን ነው። ይቺን ባለቤቴን ስትመላለስ አይታችኋታል፤ እሷ ምንም የላትም። ዛሬ የምመረመረው እኔ ነኝ። ወረፋዬን ጠብቄ እገባለሁ።»

የሳቀ አልነበረም። አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ነርሷ የያዘችውን ካርድ ደግማ ደጋግማ አየችው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግድግዳው ጋ እንደቆመ ቀረ፤ ላብ በግንባሩ ይወርዳል።

ሐኪሙ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ጓንቱን አጥልቆ መረመረው። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማኋቸው።

«ያኔ ሲታከሙ ስለ ልጅ የጠየቀዎት ሰው አልነበረም?»

«ስለ እግሬ ጠየቁኝ።»

ሐኪሙ ወጥቶ እጁን ታጠበና ለሁለታችንም አስረዳን። ዘሩ የሚወጣበት መንገድ በጠባሳ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ በመርፌ ከውስጥ የሚወስዱበት ሕክምና አለ፤ እዚህ አይሠራም። ሊገኝ ይችላል፣ ላይገኝም ይችላል። ከጦር ጉዳት የመጣ ነው ብሎ ሪፈሩን መጻፍ ጀመረ።

ባለቤቴ ከመጋረጃው ብቅ አለ፤ ቀበቶው ገና አልታሰረም። «እሷስ ጊዜ አላት?» ሲል ጠየቀ።

ሐኪሙ ዕድሜዬን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እስክሪብቶው ቆመ። ከዚያ እኔን ሳይሆን ወረቀቱን እያየ «ቶሎ ሂዱ» አለን።

ባለቤቴ ቀበቶውን በእጁ እንደያዘ አለቀሰ። አቅፌ ላባብለው ይገባኝ ነበር። አላባበልኩትም። ጅማ ያነሱኝ ራጅ፣ የደካው ቅቤ፣ ጓዳ ሆኜ የሰማሁት፣ ሁሉም አንድ በአንድ ፊቴ መጣ። እወደዋለሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ባደረገውም ኮርቻለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም። «ቀበቶህን እሰር» አልኩትና የአዲስ አበባ ትኬት ልቆርጥ፣ መናኸሪያው ሳይዘጋ ቀድሜው ወጣሁ።