ከቀንበር የፈታሁት በሬ

ግብሩን ስንቃወም ደፋር ነበርሁ፤ ይህን ማንም አይነሣኝም። በስድሳዎቹ መባቻ በእርሻችን ላይ አዲስ ግብር ሊጣል ነው ሲባል፣ ከቡሬ ዙሪያ ተነሥተን ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄደን ከአስተዳደሩ ደጅ ጮኸናል። ከሁሉም በላይ የጮህሁ እኔ ነበርሁ።

ብዙም ሳይቆይ የፓርላማ ምርጫ መጣ። መዝጋቢዎች ቡሬ ተቀምጠው ስምና አጥቢያ እየጠየቁ ነው ተባለ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሰብስበን ሳለ ብድግ አልሁና፣

«ዛሬ ስምህን የጻፈ ነገ ማሳህን ይለካል!» አልሁ።

ከየት ሰማህ ያለኝ የለም። ከየትም አልሰማሁም፤ ዝም ብሎ ከአፌ ወጣ። ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ያኔ ወረቀት ሁሉ ወጥመድ ይመስለኝ ነበር። ቄሱ ገዘቱ። ለምርጫ የሄደ እሳት አይጫርለት፣ በሬ አይቀናጅለት ተባለ።

አንድ ሰው ግን እሄዳለሁ አሉ፤ የእኔው መቀናጆ። እሳቸው አንድ በሬ፣ እኔ አንድ በሬ፣ ጠምደን ተራ በተራ እናርስ ነበር። በዕድሜ ይበልጡኛልና አያ እላቸዋለሁ።

«አያ፣ ይቅርብዎ» አልኋቸው ከማሳ ስንመለስ።

«ፍኖተ ሰላም ስንጮህ ማን ሰማን?»

«ዘበኛው።»

«እሱም በሩን ዘጋብን። አሁን ሰው መርጣችሁ አስገቡ ሲሉን እምቢ እንበል? ያንተ አፍ ጅብ ለማባረር ይበጃል፤ በረቱንስ ማን ይዝጋው?»

ሄደው መረጡ። በማግሥቱ በሬዬን ከቀንበር ፈታሁ፤ ሰው እያየኝ፣ ሆን ብዬ። ሚስታቸው፣ «ልጆቻችን ምን ይብሉ?» ቢሉኝ፣ «ምርጫ ይብሉ!» አልሁ። ሰው ሳቀልኝ። ደስም አለኝ። እኔ ወዲያው ሌላ መቀናጆ አገኘሁ፤ ለእሳቸው ግን ማን ደፍሮ በሬ ይስጥ?

የተመረጠው ሰው፣ ግብሩን ሊገምቱ የመጡትን ሹማምንት ከቤቱ ያሳደረው ባለጸጋ ሆነ። የዘመዶቹና የሎሌዎቹ ድምፅ በቃው። እኛ ደጅ ወጥተን የጮህንበትን ግብር የደገፈውን ሰው፣ ቤታችን ተቀምጠን ወንበር ሰጠነው። ጩኸታችን ከንቱ ነበር አልልም፤ ግብሩ ኋላ ላይ ቀርቷል። ጩኸቱ ይበቃል ማለታችን ነው ጥፋቱ። ይበቃል ያልሁትም እኔ ነኝ።

ስም ጻፊ ነኝ ብሎ ማሳ ሊለካ የመጣ ሰው አልታየም። የጤፍ ዘር ወቅት ሊያልፍ ሲል ቄሱ ግዝቱን ፈቱ። በሬዬን እየነዳሁ ሄድሁ። ባልና ሚስት ማሳቸውን በዶማ ይቆፍራሉ።

«አያ፣ ግዝቱ ተፈትቷል። በሬውን አምጥቻለሁ።»

«ከማን ጋር ሊጠመድ?» አሉ ቀና ብለው። «የእኔን ሸጬ እህል ሸመትሁበት እኮ።»

ሚስታቸው ያስቀመጡትን ዶማ አንሥቼ መቆፈር ጀመርሁ። አያ ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት።

«ሂድ፣ ማሳህን ዝራ። ዝናቡ አይጠብቅህም» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም፤ ለጎረቤት የሚሰጥ ተራ ምክር ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሄድሁና ዘራሁ። ያን ዓመት ከማሳቸው ግማሹ ጦም አደረ። የእኔ ጤፍ አማረ።