ጾም የከለለኝ ጨው

የባለቤቴ እናት ደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን የጤና ጣቢያ ነርስ የነገረችን በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። «ጨው ቀንሺላቸው» አለችኝ፤ ቀነስሁ። ሽሮው አልጣማቸውም። ጾመኛ ግን ቅዳሴ ሳይወጣ ወጥ አትቀምስምና «ምን ታድርግ፣ ሳትቀምስ ነው የሠራችው» እያሉ ለጎረቤት ያስተባብሉልኝ ነበር። እኔም ጨው መቀነሴን አልነገርኋቸውም። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ጾሙ ከለለኝ።

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮ ወጡን አንዴ ጎረሱና ቀና ብለው አዩኝ። ከጋፋት የመጣው ዘመድ ሁሉ ማኘኩን አቆመ።

«ልጄ፣ ዛሬም ሳትቀምሽ ነው?»

ድሮ ቢሆን ጨው ላመጣ እሮጥ ነበር። አሁን ግን ሰው ምን ይለኛል ብዬ እኒህን ሴት ልቀብር? ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።

«ቀምሻለሁ እማማ» አልኋቸው። «ሦስቴ ቀምሻለሁ።»