ባለ ጥምጥሙ ድንጋይ

ሁዳዴ ሲገባ ቡሬ ላይ ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ ደግሞ ለፎቶ አንሺው ለይታገሱ ሥራ የለም። በዚህ ጊዜ ካሜራውን አንግቶ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በዚያ ሐሩር፣ ጥንት እሳተ ገሞራ የተፋውን ዓለት ነፋስና ጎርፍ እየቦረቦሩ ያቆሟቸው ዓምዶች አሉ። እሱ የሚወደው አንገቱ ቀጥኖ አናቱ የከበደውን ነው። ጥምጥም ያሰረ ቄስ ስለሚመስል የአገሩ ሰው «ባለ ጥምጥሙ» ይለዋል። ይታገሱ በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ቆሞ ያነሳዋል።

ከሥሩ የወይዘሮ እማዋይሽ ጎጆ አለች፤ ሟች ባላቸው የሠሩላቸው።

ባለፈው ሁዳዴ ይታገሱ የአምናውንና የዘንድሮውን ፎቶ አሳጥቦ ጎን ለጎን ሲያያቸው፣ ከጥምጥሙ ሥር ያለው ስንጥቅ ሰፍቷል። በማግስቱ ፎቶዎቹን ይዞ ወረደ።

«እማማ፣ ክረምት ሳይገባ ከዚህ ይነሡ። ይህ ድንጋይ ይወድቃል።»

«ሠርጉ ቢጠፋብህ ድንጋይ ማማት ጀመርህ?» ብለው ሳቁ። «ስዳርም ቆሞ ነበር፤ ባሌን ስቀብርም ቆሞ ነበር። እኔንም ቀብሮ ነው የሚወድቅ።»

«እኔስ የፈራሁት እሱኑ አይደል?»

ፎቶዎቹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ስንጥቁን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

«ንቦቹስ?» አሉ ድንገት።

በአምናው ፎቶ ስንጥቁ አፍ ላይ መንጋው ጠቁሮ ይታያል፤ በዘንድሮው የለም። ቀና ብለው ዓለቱን አዩት። ባዶ ነው።

«ንብ ያለ ምክንያት ቤቱን አይለቅም» አሉ፤ ሳቃቸው ጠፋ።

በሳምንቱ ዕቃቸውን አሸክመው ሽቅብ ወደ ልጃቸው ወደ ሥርጉት ቤት ወጡ። «ለፍልሰታ ግን እመለሳለሁ» አሉ ይታገሱን ሲሰናበቱት። «ሱባዬን የምይዝ ከገዛ ቤቴ ነው።»

ፍልሰታ ገባ። ዝናቡ ሲያወርደው ሰንብቶ አንድ ማለዳ ሥርጉት ደወለች።

«ጥምጥሙ ወደቀ! ጎጆዋን...»

መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሞ ቢሞክር ስልኳ አይሠራም። ካሜራውን እንኳ ሳያነሳ ወጣ፤ መኪና እስከሚደርስበት በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሩ ጭቃውን ቁልቁል። «ምነው ያኔ እንዳይመለሱ አስምያቸው በነበር» ይላል በየመንገዱ።

ሲደርስ ጎጆዋ የለችም፤ ቦታዋን ዓለቱ ይዞታል። በላዩ፣ ዝናቡ ፋታ በሰጣት ፀሐይ፣ የረጠበ ጋቢ ተሰጥቷል። ከአጠገቡ ወይዘሮ እማዋይሽ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል።

ይታገሱ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

«እማማ፣ ለፍልሰታ አልተመለሱም እንዴ?»

«ንቦቹ ሳይመለሱ እኔ ልመለስ?» አሉት። «ይልቅ ካሜራህስ የታል? ዛሬ እንኳ አንገትህን ሳታቀና ታነሳው ነበር።»