ለሆድ የሚጠጣ ጥቁር ለስላሳ

ቡራዩ መንገድ ዳር እናቴ ሱቅ በነበራት ጊዜ ለስላሳ በጠርሙስ ብቻ ነበር። ባዶውን ያልመለሰ ሙሉውን ይዞ አይሄድም። ቆርኪውን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ እስካሁን ይናፍቀኛል። የዛሬው ፕላስቲክ ምኑም አይጥመኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ የሚሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። የሚያዙት ጥቁሩን ነው፣ ያውም ያልቀዘቀዘ። ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እየገለበጡ ጋዙን ያስወጡና ቀስ ብለው ፉት ይሉታል። «ለሆዴ ነው» ይላሉ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ ያነበብኩትን ካልተናገርኩ ያመኛል። አንድ ቅዳሜ፣ «አባባ፣ እውነትዎን እኮ ነው! መጀመሪያ መድኃኒት ቀማሚዎች ናቸው የሠሩት። ለድካም፣ ለራስ ምታት ይሸጡት ነበር። ኮካ የሚባል ቅጠል ነበረበት፤ እንደ ጫት የሚያነቃቃ» አልኳቸው።

ብርጭቆው አፋቸው ጋ ቀረ። «ጫት?»

«እንዲያውም ይብሳል።»

«ያ ዋቃዮ! አምላኬ!» አሉና አስቀምጠውት ወጡ።

ለካ ሰውየው በጎልማሳነታቸው ጫት ቤታቸውን ሊያፈርሰው ሲል ለማርያም ተስለው የተዉ ናቸው። እናቴ ናት የነገረችኝ። «ምነው ይቺን ምላስሽን! በየሳምንቱ ስለታቸውን ሲያፈርሱ የኖሩ መስሏቸው እኮ ነው የሄዱት» አለችኝ።

ሦስት ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። በአራተኛው ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። «የድሮ ነገር ነው፤ እርስዎ ሳይወለዱ ነው የሚያነቃቃው ነገር ከውስጡ የወጣለት» ብላቸው አላመኑኝም። የንስሐ አባታቸው ጋ ይዘውኝ ሄዱና «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ቄሱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «አሁን ከሌለበት ምን ቸገረዎ? ይጠጡ» አሏቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። ደስ ብሎኝ እየተጣደፍኩ ከፈትኩላቸው። ግማሽ ያህሉን ጠጡና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቅጠሉ ከወጣለት ታዲያ ሆዴን ሲያሽለኝ የኖረው ምንድን ነው?»

ምናለ ዝም ብል! «ስኳር ነዋ፣ አባባ።»

«ስኳርማ ቤቴም አለ» አሉና ግማሹን ትተውልኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ለክብሪት ካልሆነ ሱቃችን አልመጡም።