ያልተቀባ የጊታር አንገት

የባሌን ጊታር የሰበርኩት እኔ ነኝ። ነገሩን ከዚህ ካልጀመርኩ፣ ሌላውን ሁሉ አሳምሬ ባወራው ውሸት ይሆንብኛል። እሱ ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ብርድ ልብስ ልወስድለት ሰበታ ወዳለው ቤታችን እየሮጥኩ መጣሁ። ብርድ ልብሱ ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር፤ ጊታሩ ደግሞ ብርድ ልብሱ ላይ። ወንበር ላይ ወጥቶ ጊታሩን ቀስ አድርጎ ማውረድ የጨዋ ሰው ወግ ነው። እኔ ግን የብርድ ልብሱን ጫፍ ይዤ ጎተትኩት። ጊታሩ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ አንገቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። "ምን አለ አንተስ እዚያ ላይ ባትወጣ!" ብዬ ተቆጣሁ። ጊታሩን ነው የምቆጣው፣ ልብ አርጉልኝ።

ባሌ ከደቡብ መጥቶ እዚሁ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠራ የኖረ፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጊታር የሚመታ ሰው ነው። ይሉኝታ ሊገድለው ምንም አይቀረው። ጫማ ጠቦት "ልክ ነው" ብሎ ከፍሎ ይወጣል። ወጥ ውስጥ ጨው ብረሳ ትንፍሽ ሳይል በልቶ "እግዜር ይስጥልኝ" ይለኛል። እኔ ደግሞ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አፌ ላይ የመጣውን ሳልናገር አላድርም። በሃያ ሰባት ዓመት ትዳራችን ለሁለታችንም የምናገረው እኔ ነበርኩ።

ከሆስፒታል ሲወጣ ግራ እጁ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። ሐኪሟ "በየቀኑ ያሠሩት፤ አለበለዚያ እንደዚሁ ደርቆ ይቀራል" አለችው። "ጊታር እመታለሁ" አላት። "ታዲያ ከዚያ የተሻለ ምን አለ!" ስትለው ፊቱ በራ። መሰበሩን ገና ያልነገርኩት እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ማታውኑ ስነግረው "ምንም አይደል" አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ቡራዩ ውስጥ አልጋና በር ይሠራል። ስብርባሪውን በነጠላ ጠቅልዬ በሁለት ታክሲና በአንድ ባጃጅ ሄድኩበት። "አከም ጅርታ" ብሎኝ ሰላምታውን ሳይጨርስ አለቀስኩ።

"ጊታር ሠርቼ አላውቅም እኮ" አለኝ።

"ጋሼ ደግሞ! ስንት አልጋ የሠራህ ሰው ይህቺ አንገት ታቅትሃለች?"

ጣሪያው ስር ለዓመታት ሲደርቅ የኖረ የወይራ ጣውላ አወረደ። አሮጌውን አንገት እያየ ጠረበ፣ ቀጫጭኖቹን ብረቶች ከአሮጌው ነቅሎ አዲሱ ላይ ተከለ። በሦስተኛው ሳምንት ጠራኝና ሄድኩ። አንገቱ አልቋል፤ ቅቡ ብቻ ነው የቀረው።

"ጊታር የሚመታ ደንበኛዬ አይቶት ነበር" አለ። "በእጅ የሚያዘውን ጀርባውን አትቀባው፣ ጥሬውን ተወውና ዘይት ብቻ አበስ አበስ አድርገህ ስጠው ብሎኛል።"

ነገሩ ለራሱም አልተዋጠለትም፤ ከዚያ ቤት ቫርኒሽ ያልጠጣ እንጨት ወጥቶ አያውቅም። እኔማ ጭራሽ! "ጥሬ እንጨት ለማማሰያ ነው! ሰው ምን ይለናል? ቀባው፤ ደግሞ ደህና አድርገህ ቀባው" አልኩት። ሦስት ጊዜ ቀባው። ፊቴን እስካይበት ድረስ አበራ። የሰበርኩትን አሳምሬ የምመልስ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ያስቀባሁት የራሴን ጥፋት ነው።

ወንድሜ ራሱ ተሸክሞ ሰበታ ድረስ አመጣው። ባሌ ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ በቀኝ እጁ ዳበሰውና "ኦቦ፣ እጅዎ ይባረክ" አለው። እኔም ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

ከዚያ በኋላ ግን የጊታር ድምፅ ጠፋ። "ዛሬ ደክሞኛል" ይለኛል። በማግስቱም ደክሞታል። ጣቶቹ ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመሩ፤ ብርጭቆ እንኳ መያዝ አቃታቸው። ተስፋ የቆረጠ መሰለኝ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የስንዴ ዱቄቴ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ዱቄቱ ወለሉ ላይ ተበትኖ አገኛለሁ። "አይጥ ገብቷል!" እላለሁ። "ይሆናል" ይላል ባሌ። ከጎረቤት ድመት ተዋስኩ።

አንድ ቀን ዓለም ገና ገበያ ስሄድ ዝናብ ከመንገድ መለሰኝ። ደጃፍ ስደርስ ጊታር ሰማሁ። ሁለት ድምፅ፣ ከዚያ ዝም። ደግሞ ሁለት ድምፅ፣ ዝም። በመስኮት አየሁት። የግራ አውራ ጣቱን ዱቄት ውስጥ ነከረና የጊታሩን አንገት ያዘ፤ እጁን ወደ ታች ሊያንሸራትት ሞከረ። እጁ ላብ በላብ ነው። አውራ ጣቱ ቫርኒሹ ላይ ሙጭጭ አለ። ጤነኛ ሰው ጎትቶት ያልፍ ነበር፤ የእሱ እጅ ግን ያን ያህል ጉልበት አልነበረውም። በቀኝ እጁ ግራውን ይዞ አላቀቀውና እንደገና ጀመረ።

በሩን በርግጄ ገባሁ። "አይጡ አንተ ነህ!" አልኩት። ልስቅ ፈልጌ ጩኸት ሆኖ ወጣ። "ለምን አልነገርከኝም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?"

አቀረቀረ። "ወንድምሽ ሦስቴ ቀብቶ፣ ከቡራዩ ድረስ ተሸክሞ አምጥቶልኝ... ምን ብዬ ልናገር? አንቺም በጣም ደስ ብሎሽ ነበር።"

"የእኔ ደስታ ይቅርብኝ! እጅህ እየደረቀ ነው እኮ!"

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በእሱ ይሉኝታና በእኔ አፍ መካከል ያን እጅ ልንቀብረው ምንም አልቀረንም ነበር።

ለወንድሜ ደወልኩለት። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ሦስቴ የቀባኸው ይፋቅ መባል ለእሱ ቀላል አይደለም። በኋላ "ብርጭቆ ወረቀት ግዢ" አለኝ። "ክሮቹን አላልተሽ ጀርባውን ብቻ ፋቂው። በእንጨቱ ርዝመት ሂጂ እንጂ አግድም እንዳትፍቂ።" ስልኩን ሊዘጋ ሲል ለራሱ ሲያጉረመርም ሰማሁት፤ "ዱቄት? በእኔ ቫርኒሽ ላይ?"

በረንዳ ላይ ጊታሩን ጨርቅ አንጥፌ አስተኛሁትና መፋቅ ጀመርኩ። ብናኙ ቀሚሴን ነጭ አደረገው። ትንሽ ፍቄ የባሌን እጅ አንሥቼ አንገቱ ላይ አኖራለሁ፤ ከላይ እስከ ታች ይዤው እሄዳለሁ፤ ጣቱን የያዘው ቦታ ስደርስ ቆሜ እንደገና እፍቃለሁ። ከታመመ ወዲህ ያን እጅ ሳጥበውና እጅጌ ሳስገባው እንጂ እንዲሁ ይዤው እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ። ሞቃት ነበር።

እንጨቱ ጥሬውን ሲወጣ ባሌ ክሮቹን አጥብቆ ቃኘ። እጁ ከላይ ተነሣ፣ ቀስ እያለ ወረደ፤ የያዘው ነገር የለም። እሁድ እሁድ የሚመታውን የመዝሙር ዜማ ሁለት ቦታ ሳተው፤ ግን ከዳር እስከ ዳር ጨረሰው። እኔ ብናኙን እንኳ ሳላራግፍ እንባዬን እያፈሰስኩ ነው።

ከዚያ አውራ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ መለስ መለስ አደረገና ፊቱን ቅጭም አደረገ። እንደ ወትሮዬ ልናገርለት አፌን ከፈትኩ። ዋጥ አድርጌ ጠበቅሁት።

"እዚህ ጋ ይጎረብጣል" አለኝ። "አልተመቸኝም። ድገሚልኝ።"