በርቢ ያገኘሁት ወይፈን

ከብት ማርባት የጀመርሁት ከብቱን ለማየት እንኳ ጊዜ ሳይኖረኝ ነው። በአንኮበር ቤተ መንግሥት ፈታይ ነበርሁ። ጠዋት በር ሲከፈት እንገባለን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባዘቶአችንን ጠቅልለን እንወጣለን፤ ከሰንበትና ከበዓል በቀር ዕረፍት የለም።

አባቴ የደብር መምህር ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ዳዊት ያስደገመው እኔን ነው። ማንበብ ብችልም ሰው ፊት መናገር ግን አልተማርሁም፤ በፈታዮች መካከል ቀኑን ሙሉ ቃል ሳይወጣኝ የምውልበት ጊዜ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ከሥራ መልስ እቤቴ የፈተልሁትን ክር እናቴ አሊዩ አምባ ገበያ ይዛ እየወረደች ትሸጥልኝ ጀመር። በዚያው አንዲት ጊደር ገዛን።

ጊደሯን የምናስርበት ግቢም፣ የሚጠብቃት ሰውም አልነበረንም። ስለዚህ ከአሊዩ አምባ በታች ለሚኖሩ፣ ክሬን ለሚገዙ ለአንድ እስላም ሸማኔና ለሚስቱ በርቢ ሰጠናት። ወተቱ የእነሱ ይሆናል፤ ጥጃው አንዱ የእኔ፣ የሚቀጥለው የእነሱ። እኔ ያሰብሁት የእርሻ በሬ አልነበረም። ወንድ ወንዱን አስኮልቼና አስደልቤ ለድግስ ሰንጋ ልሸጥ ነበር። ይህ በፈታዮች ቤት ሲሰማ መሳቂያ ሆንሁ።

«ሣሩን በእንዝርት ልትፈትዪላቸው ነው?» ትለኛለች አጠገቤ የምትቀመጠው ፈታይ። «እቴ፣ የርቢን ነገር እኔ ልንገርሽ። ሲወለድ የአርቢው ነው፤ ገደል የሚገባው ሁልጊዜ የባለቤቱ ነው።»

እስቃለሁና ፈትሌን እቀጥላለሁ።

የመጀመሪያው ጥጃ ወንድ ሆነ፤ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ቦቃ። ያየሁት ገና እናቱን ሲጠባ፣ በአንድ በዓል ቀን ነው። መውረዱ ቀላል ነው፤ የመልሱ ዳገት ግን ጉልበት ስለሚጨርስ ደግሜ አልሄድሁም። ማደጉን የሰማሁት በወሬ ነበር፤ ተኮላሸ ሲሉኝ፣ ሻኛው ቆመ ሲሉኝ፣ ጎኑ ሞላ ሲሉኝ። በአራተኛው ዓመት፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ልጁን የሚድር አንድ ባላገር አይቶ ወደደውና በሁለት ጊደር ሊለውጠኝ ቃል ገባ። ከእናቲቱ ጋር ሦስት ሊሆኑልኝ ነው። በልቤ መንጋ አለኝ ማለት ጀመርሁ።

በዓቢይ ጾም እኩሌታ፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ዘበኛው የሸማኔውን ሚስት ይዞ እፈታዮች ቤት ደጃፍ መጣ። ዳገቱን እየሮጠች ነበር የወጣችው፤ ሻሿ በላብ ርሷል።

«ልጄ፣ ወይፈንሽ ማለዳ ከገደል ወደቀ። ሁለት እግሩ ተሰብሯል። ነፍሱ አለች፤ እስኪመሽ ግን አትቆይም። ባለቤቴ ቢላውን ስሎ ተቀምጧል። ‹ቃሏን ሳልሰማ ወላሂ አልነካውም› ይላል።»

የቤቱ ዓይን ሁሉ ዞረብኝ።

«አላልሁሽም? ገደል ገባ!» አለች አጠገቤ የምትቀመጠው ጎረቤቴ። «ደግሞ በእስላም ቢላ ከታረደ የትኛው ክርስቲያን ይገዛሻል? የመምህር ልጅ ሆነሽ! የሚያርድልሽ ክርስቲያን ፈልጊ እንጂ።»

እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት ይህንኑ ነው። ማን ያን ቁልቁለት ይወርድልኛል፣ ማንንስ ደፍሬ እለምናለሁ እያልሁ የሰፈሩን ሰው በልቤ አንድ በአንድ እጠራ ጀመር።

«በጾማችሁ ማን ሊበላው ነው፣ ልጄ?» አለች ሴትዮዋ በቀስታ። «ሳይታረድ ከሞተ ለእናንተም ለእኛም በክት ነው። የጅብ ነው።»

እውነቷን ነበር። ያ ሰው እጁን የሰበሰበው ‹ከብቴን አርዶ በላ› እንዳልል ነው። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነበር። አለቃችን፣ ምላሷ የሚፈራ አሮጊት፣ እንዝርቷን አቁማ ታየኛለች።

«ይረደው» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ሴትዮዋ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ይረደው! በራሱ ቢላ፣ በራሱ ጸሎት ይረደው!»

ሴትዮዋ ቀና አለች።

«እንግዲያው ቃልሽ ለመሆኑ ምልክት ስጪኝ» አለች።

በእጄ ሌላ ነገር አልነበረኝም፤ እንዝርቴን ከነክሩ ሰጠኋት። አባቴ የቀረጸው ነው፤ ሸማኔው እቤቱ በሄድሁ ጊዜ አገላብጦ አድንቆታል። ተቀብላኝ እየሮጠች ወረደች።

ፈቃድ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ቆምሁ። አለቃችን ባዶ እጄን አየች።

«እንግዲህ በጣትሽ ልትፈትዪ ነው?» ስትል ሴቶቹ ሳቁ። «ተነሺ፣ ውረጂ! ነገ እንዝርትሽን ይዘሽ ነይ። አንቺ ደግሞ» አለች ወደ ጎረቤቴ ዞራ፣ «የእሷን ባዘቶ ጨምረሽ ፍተዪ። ምላስሽ እንደሆነ ዛሬ አልደከመም።»

ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። በነፍሱ ደርሰውለት ታርዷል። ሥጋው ቅጠል ላይ በየመደቡ ተከፍሎ የመንደሩ ሰው ድርሻ ድርሻውን ይወስዳል። ሸማኔው ግን ጭንቅላቱን ለብቻ፣ ንጹሕ ሣር ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። እንዝርቴን መቀነቱ ውስጥ ሸጉጦታል።

«ነይ ልጄ፣ ግንባሩን እይ» አለኝ። «ያንቺው ነው። ሌላ አርጄ ያንቺን የደበቅሁ እንዳይመስልሽ።»

ጎንበስ አልሁ። ቦቃው አለ። ከቦቃው በቀር ግን ምኑንም አላውቀውም ነበር፤ ቀንዱ እንዲያ መርዘሙን፣ ሽፋሽፍቱ ነጭ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ይህ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ቢላ ይዞ የጠበቀው፣ ወይፈኗን መንገድ ላይ ብታገኘው አልፋው ለምትሄድ ሴት ነው። ይህን ልነግረው ፈለግሁና አፈርሁ።

«እጅዎ ይባረክ» ብቻ አልሁት።

ባላገሩ ቃል የገባልኝ ሁለቱ ጊደሮች ቀሩብኝ። ሥጋውን የወሰዱት ሰዎች ግን ማሽላ ያለው በማሽላ፣ ጥጥ ያለው በጥጥ ከፈሉ፤ ሸማኔው ያንን አጠራቅሞ ለአንዲት እንቦሳ ሲበቃ ‹አንቺ ካልመረጥሻት አልገዛም› ብሎ ላከብኝ። በዓል ባልሆነ ቀን አለቃችን ፊት ቆሜ ፈቃድ የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከገበያው ስንመለስ እንቦሳዋን የምስባት እኔ ነበርሁ። ግንባሯ ላይ ምንም ምልክት የላትም። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ እየቆምሁ ጆሮዋን፣ ጉልበቷን፣ የሰኮናዋን ቀለም ደህና አድርጌ አየሁ።