ዝም ያሰኛቸው ሚስማሮች

የሰፈሩ ሰው «ሚስማር ለቃሚው» ይለዋል። ድሮ «ባለጆሮው» ነበር የሚሉት፤ ያኛው ስም ይሻለው ነበር። ሥራው ቧንቧ ጥገና ነው፤ የሚታወቀው ግን በሌላ ነው። ቅዳሜና እሑድ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ረጅም እጀታ ያለውን የብረት መፈለጊያ መሣሪያ እንደ መጥረጊያ ግራ ቀኝ እያወዛወዘ፣ በአሮጌ ቤቶች ምድር ቤት ውስጥ አጎንብሶ ይውላል።

የሚገባው ወለሉ አፈር ወደሆነ ምድር ቤት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ወለል ላይ የወደቀ ዕቃ ተረግጦ ተረግጦ ይሰምጣል እንጂ የትም አይሄድም። መሣሪያው ሲጮህ በአሮጌ ስፖንጅ ቁራጭ ላይ ይንበረከክና በሾርባ ማንኪያ ይቆፍራል፤ ሲጨርስ አፈሩን መልሶ በመዳፉ ይደለድላል። በሩ ከፈረሰ የቆየ ቁልፍ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ ልጅ የጣለው ማንኪያ፣ ያገኘውን ሁሉ ለባለቤቱ ይሰጣል። ሰው የሚያምነው ለዚህ ነው።

መሣሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ማዞሪያ አለች። እሷን ወደ ቀኝ ካዞሯት መሣሪያው ተራ ብረትን ንቆ ያልፋል፤ የሚጮኸው ለወርቅ፣ ለብርና ለነሐስ ብቻ ይሆናል። በዚህ ሥራ ያለ ሰው ምድር ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚነካው እሷን ነው፤ የአሮጌ ቤት አፈር ግማሹ ሚስማር ነውና ያለ እሷ ጆሮ ይደነቁራል። እሱም እጁ ስለለመደ ማዞሩን እንኳ ልብ አይለውም ነበር።

እናቱ ስትሞት የጋብቻ ቀለበቷ ጣቷ ላይ አልነበረም። ያስታመመቻት ሴቷ ልጅ፣ የእሱ ታላቅ እህት ነበረች። ሐዘኑ ገና ሳይበርድ የታላቅ ወንድማቸው ሚስት ነገሩን አነሳችው።

«መቼም ቀለበት ክንፍ አውጥቶ አይበርም» አለች።

«‹ታች አባታችሁ ሥራ ቦታ ቀብሬዋለሁ› ብላኛለች» አለች እህቱ።

«ለአንቺ ብቻ?»

«ሌላ ማን ነበር አጠገቧ?»

ወንድምየው ጉሮሮውን ጠራረገ። እህቱ ወደ ታናሿ ዞረች። «አንተ ፈልግልኝ። ያንተን ቃል ይቀበላሉ» አለችው። የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር፤ ቀለበቱ ካልተገኘ ሌባ ተብላ ልትቀር ነው።

አባታቸው አናጢ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እዚያው ምድር ቤት ውስጥ ነው። ታናሹ ልጁ መሣሪያውን ሲከፍት ወለሉ በሞላ ጮኸበት። ማዞሪያዋን አዞረና ጩኸቱ ጸጥ አለ። ከጥግ እስከ ጥግ ሄደበት። አንድ የነሐስ ማጠፊያና አንድ ቁልፍ፣ የኮት ቁልፍ፣ አገኘ። ጉልበቱን እያራገፈ ሲወጣ ሁሉም ደረጃው አፍ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር።

«የለም» አለ።

«በደንብ አይተኸዋል?» አለች እህቱ።

«እትዬ፣ ቢኖር ይጮህ ነበር።»

«እንግዲህ መሣሪያ ለማንም አያዳላም» አለች የወንድሙ ሚስት፤ ነጠላዋንም አስተካክላ ወጣች።

እህቱን አውቶቡስ ድረስ ሸኛት። መንገድ ላይ፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብላ ጠየቀችው። ማንንም ሳያስቀይም የሚያልፍ ቃል ፈለገ። «እማዬ እኮ መጨረሻ ላይ ትቃዥ ነበር» አላት። ደግ ነገር የተናገረ መስሎታል። እሷ አውቶቡሱ ሲመጣ ወደ ኋላ ሳትዞር ገባች። ከዚያ ወዲህ ወንድማቸው ቤት ደርሳ አታውቅም። እሱ ሲደውልላት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ በዚያው ያበቃል።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅ አስጠሩት። ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው፤ ከመሄዳቸው በፊት የእናታቸውን የብር አምባር ማውጣት ይፈልጋሉ። ባላቸው እንዳይሸጥባቸው ምድር ቤት ቀብረውት ነበር። ደረጃው ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀመጡና በከዘራቸው ቦታውን አሳዩት። እሱም ሄደበት፣ ተመልሶም ሄደበት። መሣሪያው ዝም።

«ቦታውን ረስተውት ይሆናል፣ እናቴ» አላቸው።

«ምን እረሳለሁ። በብስኩት ጣሳ ከትቼ ነው፣ እዚችው ድንጋይ ሥር።»

«በጣሳ?»

«ምነው፣ ያንተ ዕቃ ጣሳ አያውቅም?»

«ጣሳማ ብረት ነው። እኔ ደግሞ ብረት እንዳይጮህብኝ ዘግቼዋለሁ።»

ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩት። «ታዲያ ጆሮውን ደፍነህ ነው እንዴ የምትፈልግበት? ጣሳው ካልተሰማህ የውስጡ በምን ይሰማህ፣ ልጄ?»

ማዞሪያዋን መለሳት። መሣሪያው ጮኸ። አምባሩ ጣሳው ውስጥ እንዳለ ወጣ፤ ሴትዮዋም እጃቸው ላይ አስገብተው ልጅ ሆኑ። እሱ ግን ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ አፈሩ ላይ ተቀምጦ ቀረ። የአባቱ የሚስማር ጣሳዎች ናቸው በሐሳቡ የታዩት፤ በመጠን በመጠን ተደርድረው። እናታቸው ደግሞ ስኳር ከልጆቿ የምትደብቀው በጨው ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ጨው ነው ብሎ አልፎታል።

የእናታቸውን ቤት ወንድሙ ለአንድ ጎሚስታ አከራይቶታል፤ ምድር ቤቱ አሮጌ ጎማ ማጎሪያ ሆኗል። እሱም እዚያ ሄዶ ጎማውን እያንከባለለ ጥግ አስያዘና ማዞሪያዋን ሳይነካ ጀመረ። በየስንዝሩ ይጮሃል፤ በየስንዝሩ ይቆፍራል፤ ሚስማር ይወጣል። ባልዲው ሞላ።

«አንተ ሰውዬ» አለው ጎሚስታው ከደረጃው ላይ፣ «ሚስማር ከሆነ የቸገረህ ከጎማ የማወጣውን በነፃ እሰጥህ ነበር።» በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ «ሚስማር ለቃሚው» ይለው ጀመር።

ጣሳው የተገኘው የአባቱ መሥሪያ ጠረጴዛ እግር ቆሞበት ከነበረው ቦታ ሥር ነው። ዝጎ ከአፈሩ ጋር ተመሳስሏል። በሚስማሮቹ መሃል በጨርቅ የተጠቀለለ ቀለበት ነበር።

እህቱ ላውንደሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። ጣሳውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። ካውያውን ሳትለቅ በአንድ እጇ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው።

«ያልሽው ቦታ ነበር» አላት። «እማዬ አልቃዠችም።»

«አውቃለሁ።»

«እትዬ፣ መሣሪያው ዝም ሲለኝ እኔ ደግሞ...»

«መሣሪያውን ተወው። እሱ ምን ያውቀኛል?» ሸሚዙን ገለበጠችው። «ይገኛል ብዬ ብቻ አልነበረም የላክሁህ። ባይገኝም አንተ ትናገርልኛለህ ብዬ ነው።»

እንፋሎቱ በመካከላቸው ወጣ።

«ቀለበቱን ለጋሼ ሚስት ስጣት» አለች። «ስትፈልገው የኖረችው እሷ ናት።»

«ያንቺ ነው እኮ።»

«እኔ ጣሳው ይበቃኛል። ሚስማሩ የአባባ ነው። በል፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ቀለበቱን ወሰደላት። የወንድሙ ሚስት ጣቷ ላይ ሞክራው፣ መገጣጠሚያዋ ላይ እምቢ ሲላት በሳሙና አስገባችው። «እኔስ አንድ ቀን ይገኛል ብዬ አልነበር?» አለች። «ዝም በል» ያለው ሰው ሳይኖር፣ ያን ጊዜም ለእህቱ ሳይናገርላት ዝም አለ። እስከ ዛሬ የሚቆጨው ከሁሉ ይልቅ ይህኛው ነው፤ ሁለተኛው ዝምታ።

አሁን ማዞሪያዋን አይነካትም። እያንዳንዱን ሚስማር እየቆፈረ ስለሚያወጣ አንድ ምድር ቤት ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል፤ የሚጠራውም ሰው ቀንሷል። እህቱ ጋ አሁንም ይደውላል። «ደህና ነኝ» ትለዋለች። ድሮ ይህን ሲሰማ ተሰናብቶ ይዘጋ ነበር። አሁን ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ይጠብቃል፤ ከወዲያ የካውያው እንፋሎት ሲተነፍስ ይሰማዋል። ሌላ የምትጨምረው ቃል ካለ ብሎ ነው። እስካሁን አልጨመረችም፤ ግን ቀድማ አትዘጋም።